ፋይል ነበር ወይስ ፎልደር?

አሁን ነው ከምድር ቤት ሮጬ የወጣሁት። የዕቃ ክፍሉ በር ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ሄዳለች፣ ስልኳም አይነሳም። ጋሼ ነጥብ ከኋላዬ እያለከለኩ ሦስት ፎቅ ወርደው፣ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ለጠፉበት። «እየሠራ ነው፣ ይሰማኛል» አሉ። እኔ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ተመልሰን ወጣን። እሳቸው የአንዱን ኮምፒውተር የመብራት ገመድ ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ማንም እንዳያበራው» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

ይህን የጋዜጣ ጽሑፍ ማስረከብ የነበረብኝ ትናንት ነው። ልጽፍ ያሰብኩትም ስለ ሌላ ሰው ነበር። አሁን ግን ከእሳቸው ሌላ ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ አይገባም። ኮምፒውተር መንካት ስለፈራሁ በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር፣ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሌላው ሰው ተሰብስቦ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲል፣ እሱ ከኋላ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ያይና «ይሄማ እንትን ነው» ብሎ ይሄዳል። መካኒክ ከሆነ መኪናችሁ ገና ከመንገድ ሲታጠፍ፣ በሳሉ ብቻ የስንት ዓመት ስሪት እንደሆነ ይነግራችኋል። ልብስ ሰፊ ከሆነ ኮሌታችሁን ገልበጥ አድርጎ ማን እንደሰፋው ይነግራችኋል፣ ያሳፍራችኋልም። አክስት ከሆነች ሕፃኑን ገና ገልጣ ሳትጨርስ አፍንጫውን ለአባቱ ወገን፣ ጆሮውን ለእናቱ ወገን አከፋፍላ ትጨርሳለች። ማንም አልጠየቃትም።

የእኛው የፎልደር ነው።

እኛ ሶፍትዌር ነው የምንሠራው። የምንጽፈውን ሁሉ አንድ መዝጋቢ ፕሮግራም ይከታተለዋል። ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር ለወጠ፣ ለምን ለወጠ፣ ሁሉን ይዞ ያስቀምጣል። እንዲህ ታሪኩ የተያዘለትን ፎልደር ሪፖ እንለዋለን። መዝጋቢው ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ብዙ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሪፖ ማንበብ አይችልም። እና አንድ ፎልደር የየትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ እያንዳንዱ መዝጋቢ ፎልደሩ ውስጥ የራሱን ምልክት ይደብቃል። የምልክቱ ስም በነጥብ ይጀምራል። በነጥብ የሚጀምር ነገር ደግሞ ካላዘዛችሁት በቀር ኮምፒውተሩ አያሳያችሁም።

ጋሼ ነጥብ የተባሉት በዚህ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ይረሳዋል። ክቡር ጋሼ ነጥብ፣ የፎልደሮች ዋና መርማሪ፣ የተደበቁ ነገሮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ በክንዱ በኩል የሳሳ ሹራባቸውን ለብሰው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። የሚሉት አንድ ነገር ነው።

«የተደበቀውን አሳየኝ።»

እኔ እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት፣ ገና ወንበሬን ሳላሞቅ፣ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። እንደምን አደርሽ የለ፣ ስምሽ ማነው የለ። «የተደበቀውን አሳዪኝ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ለምን ብትሉ፣ የተደበቀ ነበረኝ። ኮሌጅ የተማርኩት ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ አቋረጥኩ። ሥራ ስጠይቅ ቅጹ ላይ «ትምህርት» በሚለው ቦታ የኮሌጁን ስም ብቻ ጻፍኩበት። ጨርሻለሁ አላልኩም። አልጨረስኩምም አላልኩም። የጠየቀኝ ስላልነበረ ዝም ብዬ ገባሁ። የሁለቱ ዓመት ውጤቴ የተጻፈበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ምናልባት ቢጠይቁኝ ብዬ። ታዲያ ሽበታም ሰውዬ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ የተደበቀውን አሳዪኝ ሲል፣ ጭኔ ላይ የነበረውን ቦርሳ በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

ለካ ፋይል ነው የሚሉት። ማውዙን ከፊቴ ወስደው አንድ ቦታ ነካ ሲያደርጉ፣ ባዶ ይመስል የነበረው ፎልደር ውስጥ ደብዘዝ ያለ ነገር ብቅ አለ። «ይኸውልሽ። ጊት ነው» ብለው የአንዱን መዝጋቢ ስም ጠሩና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። እኔ እስከ ምሳ ድረስ ቦርሳውን ከጭኔ አላወረድኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ አስተምረውኛል። ማስተማር ከተባለ። ለሌላው ሰው አንዴ የሚሉትን ለእኔ ሁለቴ ነው የሚሉት። መጀመሪያ በቢሮ ቋንቋ ይሉታል፣ ቀጥሎ ዝግ ብለው በሰው ቋንቋ። ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል። አጠገቤ የሚቀመጠው ደፋሩ፣ የስክሪን ገጽታ የሚሠራልን ልጅ ነው፣ ደፋሩ የተባለውም አለቃውን በስሙ ስለሚጠራ ነው፣ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ላንቺ ከነትርጉሙ ነው የሚመጣልሽ» ይለኛል።

የጋሼ ነጥብ ትምህርት እንዲህ ነው። ፎልደር የምንከፍትበት ሶፍትዌር አዲስ ዘበኛ ማለት ነው ይላሉ። በሩ ላይ ቆሞ ውስጥህ ያለውን አያነብም፣ ደረትህ ላይ ያለውን ባጅ ነው የሚያየው። ፎልደሩን ሲከፍቱለት መጀመሪያ እዚያው ምልክት ይፈልጋል። ካጣ አባቱ ጋ ይሄዳል፣ ማለት ያንን ፎልደር የያዘው ፎልደር ጋ። እዚያም ካጣ አያቱ ጋ። እንዲህ እያለ ቅድመ አያት ድረስ ይወጣል። ከላይ ደርሶ ማንንም ካላገኘ «ይህ ሪፖ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። ይህን ለእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ የነገሩት። ለጽዳት ሠራተኛዋ ነግረዋታል። ሊፍት ሊጠግን ለመጣው ሰውዬ፣ ሰውየው ሊፍቱ ጣሪያ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከታች ሆነው ነግረውታል።

ዓይነቶቹን ሲያስረዱ ደግሞ ጣታቸውን ያጥፋሉ። አንደኛው ዓይነት ኩሩ ነው፣ ምልክቱን ዋናው በር ላይ አንዴ ብቻ ይለጥፍና በቃው። ሁለተኛው ዓይነት አሮጌና ተጠራጣሪ ነው፣ በየሳህኑ ጀርባ ስሙን እንደሚጽፍ ሰው ምልክቱን በየክፍሉ ይበትናል። ሌላው ዓይነት ምልክት የለውም፣ ቤቱ በሙሉ ታሪክ ነው፣ ሰው አይኖርበትም። እዚህ ሲደርሱ ነው እኔን እንቅልፍ የሚያሸልበኝ። ከዚህ በኋላ አንድ ጣት ይቀራቸዋል። እሱ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው፣ ምልክቱ ፎልደር ሳይሆን ትንሽ ፋይል ይሆናል፣ ውስጡም አንድ መስመር ብቻ አለ፣ ታሪኬ እዚህ የለም እዚያ ነው የሚል። በሩ ላይ «ጎረቤት ነኝ» የሚል ወረቀት ለጥፎ እንደሚሄድ ሰው። ይህንንም ሁለቴ ነግረውኛል። ሁለቴም አዛግቻለሁ።

ነገሩ በፎልደር ቢቆም ጥሩ ነበር። እሳቸው ሰውንም እንደዚያ ነው የሚያዩት። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን በገባ በሁለተኛው ቀን ጋሼ ነጥብ ሻይ ማፍያው ጋ ቆመው «ቅጂ ነው» አሉ። ከሌላ ቦታ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ፣ እዚህ የራሱ ታሪክ ገና ያልጀመረለት ማለታቸው ነው። ማንም አላመናቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን ሞቅ ያለ ንግግር አደረገልን። ንግግሩን ሲዘጋ «በዚህ ታላቅ ድርጅት በመሥራቴ እኮራለሁ» አለና የድሮ መሥሪያ ቤቱን ስም ጠራ። ጋሼ ነጥብ ዞር ብለው ማንንም አላዩም። ሹራባቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ደፋሩ አንዴ ሊያሸንፋቸው ሞከረ። አንድ ፎልደር ውስጥ የሁለት መዝጋቢዎች ምልክት አብሮ ጨመረና፣ ከደንበኛ የመጣ ነው ብሎ አቀረበላቸው። ሁላችንም ወንበራችንን አዙረን ጠበቅን። ጋሼ ነጥብ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ቀርበው አዩት። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ያገኘውን ምልክት ያምናል አሉ፣ ስለዚህ እሱን አታለኸዋል። «እኔ ግን ቀኑን ነው የማየው። ሁለቱም የተወለዱት ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ነው። አንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ብቻህን ስትስቅ ነበር።»

ደፋሩ ያን ቀን አለቃውን በማዕረጉ ጠራ።

እቤታቸው ግን ሌላ ሰው ናቸው አሉ። ባለቤታቸው ስልክ ሲደውሉ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ የማነሳው። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፣ ልጄ፣ ሰውዬሽን እስቲ ጠይቂልኝ፣ የሰው ፎልደር እንደሱ የሚያውቅ የለም ይባላል፣ የራሱን የካልሲ መሳቢያ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነው ያላወቀው። መልእክቱን አደረስኩ። ጋሼ ነጥብ አሰብ አደረጉና «ምልክት የለውማ» አሉ።

እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ እኔም ከሳቂዎቹ ጋ ነበርኩ።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ደንበኞች ይመጣሉ። ለእነሱ የሠራነው የሕክምና ቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከነገ ጀምሮ ራሳቸው ሊያስተዳድሩት ስለሆነ፣ ከነሙሉ ታሪኩ ሊረከቡን ነው። ያለ ታሪኩ አንረከብም ብለው ፈርመዋል። የቱ ሐኪም ቤት የቱን ነገር ለምን እንዳስለወጠ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነዋ። ፕሮግራሙ ያለው ጥግ ላይ ባለው አንድ ኮምፒውተር ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ ይያዝለት ብለው ጋሼ ነጥብ ስንት ጊዜ ጠይቀዋል፣ ስንት ጊዜ ነገ ተብለዋል። የእሳቸው ሥራ ስላልሆነ ግን ውስጡን ከፍተው አይተውት አያውቁም። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ፎልደሩን አጽጂው፣ ቆሻሻ ይዘን አንቅረብ አለኝ።

አጸዳሁት። እንደተማርኩት መጀመሪያ የተደበቀውን ገለጥኩ። በነጥብ የሚጀምሩ ነገሮች በሰልፍ ወጡ፣ አሥር ይሁኑ አሥራ አምስት። አብዛኞቹ ኮምፒውተሩ ራሱ ጥሎ የሚሄዳቸው ጥራጊዎች ናቸው፣ ያን አውቃለሁ። ሁሉንም አንድ ላይ መርጬ፣ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እንኳ እንዳይገቡ አድርጌ፣ ለአንዴና ለመጨረሻ ደመሰስኳቸው። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ተመልሼ ሶፍትዌሩን ስከፍተው ፎልደሩን አየ፣ አባቱን ጠየቀ፣ አያቱን ጠየቀ፣ ላይ ድረስ ወጣ። ከዚያ «ይህ ሪፖ አይደለም» የሚል ጻፈልኝ።

ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ሦስት ጊዜም ያንኑ አለኝ።

ጋሼ ነጥብ ጋ ሮጥኩ። ፊቴን አይተው ተነሡ። ስክሪኑን አዩት። አልጮሁም፣ ወይኔ አላሉም። ያንን የሚያስገርም ቀዝቃዛ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ።

«ፋይል ነበር ወይስ ፎልደር?»

አልገባኝም። ሁለተኛውን ዝግ ብለው በሰው ቋንቋ ደገሙልኝ። በነጥብ ከሚጀምሩት ውስጥ ጊት የሚለው ምልክት፣ ምስሉ እንደ ወረቀት ነበር ወይስ እንደ ቢጫ ፎልደር? ፎልደር ከነበረ ታሪኩ ራሱ እዚያው ውስጥ ነበር። የዚህ ኮምፒውተር ዲስክ ደግሞ የተሰረዘውን ወዲያው ጠርጎ የሚያወጣ ዓይነት ስለሆነ፣ አሥራ አንዱ ዓመት የለም ማለት ነው። ፋይል ከነበረ ግን ታሪኩ ሌላ ቦታ ነው። የሚጠረጥሩትም ምድር ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሳይጠፋ የተረሳውን አሮጌ ማሽን ነው። ይህን ፕሮግራም የጀመረው ሰውዬ ድሮ ከሥራ ሳይለቅ ዕቃ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይወድ ነበር አሉ። «ወረቀቱን ቀደድሽው እንጂ ቤቱን አላቃጠልሽው ይሆናል።»

አላስታውስም አልኩ።

«ሲጠፋ ጊዜ ወሰደ?»

ወዲያው ነው የጠፋው አልኩ። ጋሼ ነጥብ መነጽራቸውን አወረዱ። ሲናገሩ ለራሳቸው ይመስል ነበር። «የአሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ወዲያው አይጠፋም። ስንት ሺህ ፋይል ነው።» ቀጥለው ደግሞ ዲስኩን አዩና፣ ይሄ ፈጣን ነው፣ ሊያጠፋም ይችላል አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአጠገባችን አለፈ። ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ነጥብ «ዓይነቱን እያየን ነው» አሉት። ሁልጊዜ የሚሉት ስለሆነ ፈገግ ብሎ ሄደ። ከዚያ ነው ወደ ምድር ቤት የሮጥነው።

ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዟል። እኔ በሆዴ የያዝኩትን ለቀቅኩት። ጋሼ፣ ያባርሩኛል አልኩ። የቅጥር ፋይሌን አውጥተው ያያሉ፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል አልኩ።

«ያኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዳቆምሽ ያያሉ» አሉ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማን ነገረዎት አልኩ።

«ማን ይነግረኛል። የመጀመሪያው ቀን የተደበቀውን አሳዪኝ ስልሽ ቦርሳሽን ያዝሽ። ዲግሪ ያለው ሰው ማውዙን ነው የሚይዘው።» ትንሽ ሳሉ። «ደግሞ መጀመሪያ ዓመትና ሁለተኛ ዓመት የሚሰጠውን በደንብ ታውቂያለሽ። ሦስተኛ ዓመት የሚሰጠውን ስናወራ ዓይንሽ መስኮት መስኮት ያያል።»

ስምንት ወር ሙሉ እያወቁ ነው የቆዩት። ከደፋሩ ጋ ስስቅባቸው ያውቁ ነበር። ለምን ለማንም አልተናገሩም አልኳቸው፣ ዓይነት ማወቅ የሚወዱ ሰው ሆነው።

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሶፍትዌሩ የፎልደሩን ዓይነት የሚጠይቀው ለምንድነው፣ ሊያባርረው ነው እንዴ? በምን ቋንቋ እንደሚያናግረው ለማወቅ ነው እንጂ።»

ከዚያ ሁሉን ነገር ለእኔ ሁለቴ የሚሉበት ምክንያት ገባኝ። አፌ ውስጥ ያለው ምስጋና ይሁን ይቅርታ አላወቅኩትም። እሳቸውም አልጠበቁም፣ ቀሪውን ፎቅ ወጡ። ሲሄዱ በር ላይ ሆነው ሁለት ነገር አሉኝ። ያጠፋሁትን ነገ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ እኔው ነኝ የምነግረው፣ እሳቸው አጠገቤ ይቆማሉ። ስለ ኮሌጁ መናገር አለመናገር የራሴ ጉዳይ ነው፣ እሳቸው ምንም አላዩም። ከዚያ የመብራት ገመዱን በቦርሳቸው ይዘው ወጡ። የቦርሳው ዚፕ አልዘጋ ብሏቸው፣ የገመዱ ጫፍ እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ ነበር።

አሁን ወንበሬ ላይ ነኝ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ጋሼ ነጥብ ከእሷ ቀድመው በሩ ጋ እንደሚቆሙ ነግረውኛል፣ እኔም እቆማለሁ። ደንበኞቹ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ። በመሀል አንድ ሰዓት አለን።

ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ዝርዝር መልሼ ለማየት እየሞከርኩ ነው። በነጥብ የሚጀምሩት ተሰልፈው ይመጣሉ፣ ጊት የሚለው መሀል ላይ ነው። አንዳንዴ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይታየኛል። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ቢጫ ፎልደር ይሆንብኛል። ሁለቱንም ያየሁ ይመስለኛል። ጋሼ ነጥብ ቢሆኑ አንዴ አይተው አይረሱትም ነበር። እኔ ግን ፋይል ይሁን ፎልደር አላውቅም። ነገ ለሥራ አስኪያጁ ስናገር ስለ ኮሌጁም እናገር እንደሆነ አላውቅም። የዕቃ ክፍሉ በር ሲከፈት ውስጥ የሚያጓራው ማሽን የእኛ ታሪክ ያለበት ይሁን ዝም ብሎ የተረሳ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም።